ሜዳው ማሽላ ነበር

እሱ፦ ጎልፍ ሲባል ምን ትዝ ይልሻል?

እሷ፦ አዲስ አበባ፣ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ያለው ባለ 9 ጉድጓዱ ሜዳ። ስንቱ አጥሩን ታኮ ያልፋል፤ መኖሩን ግን አያውቅም!

እሱ፦ ጎልፍ 18 ጉድጓድ አይደል እንዴ?

እሷ፦ እሱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሪውስ 22 ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1764 አጫጭሮቹን 4 ወደ 2 አጠፏቸው። ደርሶ መልስ ስለሚጫወቱበት 18 ሆነ።

እሱ፦ እኛ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ገና ስንጫወት ማን ቆጥሮ! ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ አንዲት ጥንግ፤ በቃ።

እሷ፦ ድንበሩስ?

እሱ፦ የጎረቤት ማሽላ ማሳ። ታኅሣሥ 29 ቀን ታጭዶ ይቆየናል፤ የአገዳው ጉቶ ግን ጫማ ይበሳል።

እሷ፦ ጫማ ነበራችሁ?