ፊደሉ አንድ፥ ትርጉሙ ብዙ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



 ብዙዎቻችሁ ስለ ታላላቅ ነገር፥ ይኸውም ስለ አገር ዕድገት ወይም ስለ ሳይንስ እንናገራለን ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ የመረጥነው ግን እጅግ ትንሽ ነገር ነው። እርሱም ፊደላቸው አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉማቸው ስለሚለያይ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም አንድ ጓደኛችንን ከትምህርት ለማስወጣት ጥቂት ቀርቶት ነበረ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታደምጡን እንለምናለን።

የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ከሩቅ ገጠር የመጣ አንድ ጓደኛ ነበረን። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ትምህርት የተማረው በአማርኛ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ግን ሒሳቡም፥ ታሪኩም፥ ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ቀን በሒሳብ ፈተና ላይ የሦስት ማዕዘን ጠባይ በቃላት እንዲገለጽ ተጠየቅን። ማዕዘን በእንግሊዝኛ «አንግል» ነው፤ ፊደሎቹም ኤ፥ ኤን፥ ጂ፥ ኤል፥ ኢ ናቸው። ጓደኛችን የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት አቀያይሮ ኢ ካለ በኋላ ኤል ጻፈ። ቃሉም ያን ጊዜ «ኤንጀል» ሆነ፤ ትርጉሙም መልአክ ማለት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተነበበው «የአንድ ሦስት ማዕዘን መላእክት ድምር 180 ዲግሪ ነው» የሚል ሆነ።

ወረቀቱ ሲመለስ ከመካከላችን አንዱ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መልአኩ» እያልን እንጠራው ጀመርን። እርሱም እጁን ማውጣት ተወ፤ ቀጥሎም ድምፁን ማሰማት ተወ፤ በመጨረሻም ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረ።

በአራተኛው ቀን ከእኛ መካከል ጥቂቶቻችን ተከራይቶ ወደሚኖርባት ክፍል ሄድን። ከቤቱ ያመጣውን ስንቅ በከረጢት ቋጥሮ፥ ደብተሮቹንም በገመድ አስሮ አገኘነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ከአባቱ ጋር ሊያርስ ቆርጦ ነበረ። ደብተሩን ፈትተን ብናየው የጂኦሜትሪው ጥያቄ ሁሉ በትክክል ተሠርቷል፤ እንዲያውም ከእኛ ከብዙዎቻችን ይልቅ አሳምሮ ሠርቶታል። የተሳሳተው ያችን አንዲት ቃል ብቻ ነው። እርሱም ቃሉን በጣቱ እያሳየን፥ «ፊደሎቹ እኮ ሁሉም አሉ፤ ምን ጎደለ?» ብሎ ጠየቀን።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። መሳቅ እንጂ መመለስ አላወቅንም። ይህ ንግግር የዚያ ጥያቄ መልስ ነው፤ እኛም መልሱን ለማግኘት ሦስት ዓመት ሙሉ ስንሠራ ቆይተናል።

እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር። ኢ፥ ኤ፥ ቲ የሚባሉትን ሦስት ፊደላት ውሰዱ። ሦስት ፊደላት በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊደረደሩ እንደሚችሉ በሒሳብ ተምረናል። ከስድስቱ ውስጥ ሦስቱ በየቀኑ የምንሠራባቸው ቃላት ናቸው። ኢ፥ ኤ፥ ቲ ሲሆን «ኢት» ይባላል፤ መብላት ማለት ነው። ኤ፥ ቲ፥ ኢ ሲሆን ያው መብላት ወደ ኃላፊ ጊዜ ተላልፎ «በላ» ወይም «በላሁ» ማለት ይሆናል፤ ይህንንም አንዳንዶቹ «ኤይት»፥ ብዙ እንግሊዞች ደግሞ «ኤት» ብለው ያነቡታል። ቲ፥ ኢ፥ ኤ ሲሆን ግን «ቲ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም ሻይ ነው። ሻይ ከቻይና አገር የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። በቻይና የባሕር ጠረፍ አካባቢ «ቴ» የሚሉትን ስም የሆላንድ ነጋዴዎች በመርከብ ወደ አውሮፓ ስላደረሱት እንግሊዞች «ቲ» አሉት፤ በሌላው የቻይና ክፍል «ቻ» የሚባለው ስም ደግሞ በሌላ መንገድ ተጉዞ ወደ እኛ «ሻይ» ሆኖ ደረሰ።

ሁለተኛው ምሳሌ ኤን፥ ኦ፥ ደብልዩ ነው። በዚህ ተራ ሲጻፍ «ናው» ይባላል፤ አሁን ማለት ነው። ኦ በፊት ሲሆን «ኦውን» ይሆናል፤ የራስ ወይም የግል ማለት ነው። ደብልዩ በፊት ሲሆን ደግሞ አሸነፈ ማለት ይሆናል፤ ንባቡም አንድ ቁጥርን ከምንጠራበት «ዋን» ጋር አንድ ነው። በእነዚህ ቃላት ውስጥ ኦ የተባለው ፊደል በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ድምፅ እንደ ሰጠ ልብ በሉ።

ሦስተኛው ምሳሌ በአራት ፊደላት የተሠራ ነው፤ እነርሱም ኤስ፥ ቲ፥ ኦ፥ ፒ ናቸው። አራት ፊደላት በ24 ዓይነት ተራ ሊደረደሩ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ እኛ ስድስት የታወቁ ቃላት አግኝተናል። «ስቶፕ» ቁም ማለት ነው፤ በመንገድ ላይ በቀይ ሰሌዳ የሚታየው ቃል ነው። «ስፖት» ነጠብጣብ ወይም የተወሰነ ቦታ ነው። «ፖትስ» ድስቶች ወይም ማሰሮዎች ማለት ነው። «ቶፕስ» ጫፎች ማለት ነው። «ኦፕትስ» ይመርጣል ማለት ነው። «ፖስት» ግን ብቻውን ብዙ ትርጉም አለው፤ በመሬት ላይ የተተከለ ምሰሶ፥ አንድ ሰው የተመደበበት የሥራ ቦታ፥ ደግሞም የደብዳቤ መላላኪያ ፖስታ ይሆናል። እኛ «ፖስታ» የምንለው ቃል የመጣው ከኢጣልያንኛ ሲሆን የእንግሊዝኛው «ፖስት» ዘመድ ነው።

አሁን ደግሞ በፈተና ላይ ጉዳት ወደሚያደርሱት እንለፍ። ኤፍ፥ አር፥ ኦ፥ ኤም «ፍሮም» ነው፤ «ከ» ማለት ነው። አርና ኦ ቦታ ሲለዋወጡ «ፎርም» ይሆናል፤ ይህም መልክ ወይም ሁላችንም የምንሞላው ፎርም ነው። «ፍሮም» በሒሳብ ውስጥ ሌላም ፈተና አለበት። እንግሊዝኛው «3 ፍሮም 8 ቀንስ» በሚል ተራ ሲያዝ፥ ቁጥሮቹን በቀደሙበት ተራ የሚወስድ ተማሪ ከ3 ላይ 8 ቀንሶ ነጌቲቭ 5 ይጽፋል። የተጠየቀው ግን ከ8 ላይ 3 እንዲቀነስ ስለ ሆነ መልሱ 5 ነው። ስሌቱን ሳያጣ ቃሉን በማጣቱ ማርኩን ያጣል ማለት ነው።

ደብልዩ፥ ኤች፥ ኦም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ተራ «ሁ» ተብለው ይነበባሉ፤ ማን ማለት ነው። ኤች በፊት፥ ደብልዩ በመጨረሻ ሲሆን «ሃው» ይባላል፤ እንዴት ማለት ነው። ከመካከላችን አንዷ በታሪክ ፈተና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ማን አሠራቸው ተብላ ብትጠየቅ፥ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው እንዴት እንደ ተሠሩ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ ሰጠች። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበረ፤ የንጉሡን ስም ግን አልጻፈችም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

«ለመሆኑ ይህ ችግር ለምን በእኛ ላይ ይበረታል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የጓደኛችንም ጥያቄ ይኸው ነበረ። መልሱ ከፊደላችን ጠባይ የተነሣ ይመስለናል። የእኛ ዋና ፊደላት 33 ሲሆኑ በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እያንዳንዱም አናባቢውን ከራሱ ጋር ይዞ ይኖራል። «በ» በቃሉ መጀመሪያም፥ በመካከልም፥ በመጨረሻም ቢገኝ «በ» ነው፤ «ቡ» አይሆንም። የእንግሊዝኛ ፊደላት ግን 26 ብቻ ናቸው፤ የቋንቋው ድምፆች ደግሞ ወደ 44 ይደርሳሉ። ስለዚህ አንዱ ፊደል የሁለትና የሦስት ሠራተኛ ሥራ ይሠራል፤ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራም የሚታወቀው በቆመበት ቦታና በጎረቤቶቹ ነው። «አንግል» በሚለው ቃል ጂ «ገ»ን ሲመስል «ኤንጀል» በሚለው «ጀ»ን መምሰሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ታሪክም ምክንያት አለው። ዊልያም ካክስተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1476 የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ አገር ባስገባ ጊዜ የቃላቱ አጻጻፍ እየረጋ ሄደ። የሕዝቡ አነባበብ ግን በዚያው ዘመን ይለዋወጥ ነበረ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም ብዙው አጻጻፍ ጸንቶ ነበረ። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ብዙ ጊዜ ጥንት ይነገር የነበረውን ነው። ይህን ባወቅን ጊዜ ጓደኛችን ሰነፍ እንዳልነበረ ተረዳን። በአገሩ ፊደል ሕግ የሌላውን አገር ቃል አነበበ እንጂ ሌላ ጥፋት አላደረገም።

የእኛስ ቋንቋ ለእንግዳ ሰው ቀላል ነውን? አይደለም። «ዋና» ሲላላ በውኃ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ዋነኛ ማለት ይሆናል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፥ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። «ይበላል» ሲላላ ሰውየው ይበላል፤ ሲጠብቅ ግን ሰውየው ራሱ ይበላል! ፊደሉ ግን ይህን ሁሉ አያሳይም።

በዚህ ነገር ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን ልጆች የምናስታውሰው አለ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን አንዲት የውጭ አገር መምህርት አማርኛ ይማሩ ነበረ። በግንቦት ወር አንድ ቀን «የምሳ ሰዓት ደረሰ?» ብለን ብንጠይቃቸው «ገና ነው» ለማለት ፈልገው ቃሉን አጠበቁት። እኛም በግንቦት የልደት በዓል ደረሰ ብለን በሳቅ ወደቅን። እሳቸው ግን አልተቆጡም፥ አላፈሩምም። ከእኛ ጋር ስቀው «እንግዲህ አስተምሩኝ» አሉን። ወዲያው ማስታወሻቸውን አውጥተው ቃሉን ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ በሚጠብቀው ላይ ሁለት ነጥብ አደረጉበት።

ያን ዕለት ማታ በጓደኛችን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ይህ ነገር ትዝ አለን። እኛ በመምህርቷ ብንስቅም ከሳቁ በኋላ አስተማርናቸው፤ በጓደኛችን ግን ስቀን ተውነው። ልዩነቱ ይህ ነው። በዚህም ዛሬ በእናንተ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። የቆዩ የደብተር ሽፋኖችን በመቀስ እየቆራረጥን በእያንዳንዱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍን። በየማታው ሦስት ወይም አራት ፊደላት እናወጣለን፤ ቃል የሚሠራውን ተራ እንፈልጋለን፤ በመዝገበ ቃላት እናረጋግጣለን፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እናገባለን። ለምሳሌ ያህል «ትናንት ዳቦ በላሁ፥ ሻይ ጠጣሁ፤ ዛሬም እበላለሁ» ብሎ ሦስቱን ቃላት የተናገረ ሰው ከእንግዲህ አይረሳቸውም። ለዚህ ሥራ ከመዝገበ ቃላት በቀር ያስፈለገን ነገር የለም። ጓደኛችንም ስንቁን ፈታ፤ ደብተሩንም ፈታ። ዛሬ ከእኛ ጋር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ታሪኩን እንድንናገር የፈቀደልን እርሱ ነው፤ ከላይ የተናገርናቸውን ቃላት አብዛኞቹን የሰበሰበም እርሱ ነው። በጂኦሜትሪ ደግሞ እኛን ያስጠናናል።

እንግዲህ ከእኛ በኋላ ለምትመጡት ታናናሾቻችን የምንለው ይህ ነው፤ አጭር ቃል ባያችሁ ጊዜ አትናቁት፥ እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡት። ለመምህራኖቻችን የምንለምነው፥ ስሕተቱ ከስንፍና ይሁን ከፊደል ልማድ የመጣ እንደ ሆነ እንድትመረምሩልን ነው። ወላጆቻችንም እንግሊዝኛ ባታውቁ እንኳ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ቃል ተማርህ? ምን ቃል ተማርሽ?» ብላችሁ ጠይቁን፤ ለእናንተ ለማስረዳት ስንል እኛ እንማራለንና።

ለመፈጸሚያ ያህል ከአማርኛችን ሁለት ቃላት እንጨምር። «ላብ» የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ብታነቡት «ብላ» ይላል፤ በላብ የሚሠራ ሰው እንደሚበላ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። «ናቀ» የሚለውንም ብትገለብጡት «ቀና» ይሆናል። እኛ በ9ኛ ክፍል ጓደኛችንን የናቅን ነበርን፤ ፊደሉን እንደ ገለበጥን ልባችንንም ገልብጦ ያቀናልን ዘንድ ምኞታችን ነው።