አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያሉት ቀናት

በሂዩስተን፣ በሉዊዚያናና በፍሎሪዳ የምትኖሩ ወገኖቻችን ሀሪኬን የሚባለው አውሎ ነፋስ ከመምጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ በየዓመቱ ትሰማላችሁ። ውኃ ግዙ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ውጡ ስትባሉ ውጡ ይሏችኋል። ዛሬ የማነሳላችሁ ብዙ የማይነገርለትን ጊዜ ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው «ተመስገን፣ አለፈልን» ካለ በኋላ ያሉትን ቀናትና ሳምንታት ማለቴ ነው። ያኔም ብዙ ነፍስ ይጠፋል።

ማስረጃው ፖርቶ ሪኮ ነው። ሀሪኬን ማሪያ ደሴቲቱን የመታት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ነበር። መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያመነው የሟቾች ቁጥር 64 ነው። በዓመቱ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሲወጣ ግን ቁጥሩ ወደ 2,975 ከፍ አለ። ጥናቱ ከአደጋው በኋላ ባሉት ወራት ከወትሮው በላይ የሞተውን ሰው ሁሉ ቆጥሮ ነው እዚህ ላይ የደረሰው። ይበልጥ የተጎዱት ድሆችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነበሩ። መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን መሣሪያ ይቆማል፤ ኢንሱሊን ያለበት ፍሪጅ ይሞቃል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የኩላሊት እጥበት ይቋረጣል። በደሴቲቱ መብራት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

መብራት ሲጠፋ ሰው ቶሎ የሚያስበው ጄኔሬተር ነው። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ከጄኔሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል። በ2020 ሀሪኬን ላውራ ሉዊዚያናን ሲመታ፣ ከነፋሱ ተርፈው በዚህ ጋዝ ያለቁ ሰዎች ነበሩ። ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ በሩን ከፍቶ መተው አያድንም። ጄኔሬተሩ ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከቤቱ በተቃራኒ ዞሮ ይቀመጥ። ከሰልም ያው ነው፤ ቡና ለማፍላት ብላችሁ እንኳ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው፣ ሳትጠራጠሩ ወደ ውጭ ውጡና 911 ደውሉ።

ሁለተኛው አደጋ ውኃ የገባበት ቤት ነው። በ2017 ሀሪኬን ሃርቪ በቴክሳስ ባፈሰሰው ዝናብ፣ በኔደርላንድ ከተማ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ተለክቷል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ እንኳ ከዚህ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ሲጎድል ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር ትቶ ይሄዳል። መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት በመስመሩ አጠገብ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱት፤ የተበላሸውንም ዕቃ አንድ በአንድ ለማስረጃ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አትዘግዩ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ማቆጥቆጥ ስለሚጀምር፣ የራሰውን ምንጣፍና የውስጥ ግድግዳ አውጥታችሁ መስኮት ክፈቱ። ጓንት፣ ቦት ጫማና የአፍ መሸፈኛ አይለያችሁ። በረኪናንም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፤ በአብዛኛው ሥራ የሚጀምረውም ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ደመና አይቶ መግዛት አይጠቅምም። አካባቢያችሁ የአደጋ ቀጠና ተብሎ ከታወጀ ለፌማ (ለፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ) አመልክቱ፤ የቋንቋ እርዳታ በነፃ ጠይቁ። «አይገባችሁም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ሰነድ ነው፤ ይግባኝ ለማለትም 60 ቀን አላችሁ። የፌማ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ግን አጭበርባሪ ነው።

የመንፈስ ጉዳትም አለ። ዝናብ ሲያይ የሚያለቅስ ልጅ፣ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ አባወራ ከአደጋ በኋላ የሚያጋጥሙ ናቸው። ልጆች ምግባቸውና መኝታቸው በሰዓቱ ሲሆን ይረጋጋሉ። ለአዋቂም ዝም ብሎ ከመቻል ከሚያምኑት ሰው ጋር ማውራት ይሻላል። ጭንቀቱ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። እኛ ግን ዕድር አለን። ዕድራችን ለቀብር የሚደርሰውን ያህል ሞትን ለመከላከልም ይድረስ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ በመሣሪያ የሚተነፍሱ፣ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ፣ አራሶች፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ እነማን እንደሆኑ በስም ይመዝገብ። ስልክ ሊቋረጥ ስለሚችል ለእያንዳንዳቸው በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ይመደብ። ተመዳቢውም ሲሄድ ጄኔሬተሩ የት እንደቆመ፣ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ ከፌማ የመጣ ደብዳቤ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ።

የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይህን ዝርዝር አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ስብሰባው ሳይዘጋም ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ ተነጋግራችሁ ጨርሱ።