የለንደን አውቶቡስ ብረት ሲለብስ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ታንክ አመጣጥ ነበር። ነገር ግን ከታንክ በፊት ብዙ ያልተነገረለት አንድ መኪና ስላለ፥ እርሱን ላስቀድም ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ይኸውም ብረት የለበሰው የለንደን አውቶቡስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የለንደን ጠቅላላ አውቶቡስ ኩባንያ «ቢ» የተባለውን ዓይነት ማውጣት የጀመረው በ1910 ነው። የነደፈው ፍራንክ ሰርል የተባለ መሐንዲስ ነበር። 16 ሰው ከውስጥ፥ 18 ሰው ደግሞ ጣራ በሌለው ፎቅ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ የፎቁ ተሳፋሪ ምን ይል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ሻሲው በብረት የተጠናከረ እንጨት፥ ጎማው አየር የማይነፋበት ድፍን ነው። ዋናው ብልሃት ግን መኪናዎቹ ሁሉ በአንድ ልክ መሠራታቸው ነው፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይገጥማል። ከዚህ የተነሣ ኩባንያው በ1911 የፈረስ አውቶቡሶቹን አሰናበተ።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ፥ ኮማንደር ቻርልስ ሳምሶን የሚያዝዘው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል ደንከርክ ወደብ ላይ ሰፈረ። ሳምሶን በአውሮፕላን ብቻ አልረካም፤ በመኪና ላይ መትረየስ ጠምዶ በቤልጅግና በሰሜን ፈረንሳይ መንገዶች ጠላትን ይፈልግ ጀመር። የደንከርክ መርከብ ሠሪዎችም መኪናዎቹን ለእንፋሎት ጋን በሚሆን ብረት ሸፈኑለት። ይሁን እንጂ የቤት መኪና ጥቂት ሰው እንጂ ጭፍራ አይጭንም። የባሕር ወታደሮችን ከነጠመንጃቸው በብረት ግድግዳ ውስጥ ለማጓጓዝ ጠንካራ ሻሲ አስፈለገ። እንግዲህ የአውቶቡሱ ሻሲ የተፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ግድግዳው 20 ካሬ ሜትር ነው ብንል፥ 940 ኪሎ ይሆናል። በሌላ በኩል 34 መንገደኛ እያንዳንዱ 65 ኪሎ ቢመዝን 2,210 ኪሎ ነው። ስለዚህ ባሌስትራው ብረቱን ተሸክሞ፥ ለአሥራ ሁለት ወታደር ከነትጥቁ ቦታ ይተርፈዋል። ግን የጋን ብረት የጦር ብረት አይደለም፤ ከቅርብ የተተኰሰ የጠመንጃ ጥይት ይበሳዋል። ውፍረቱን እጥፍ እናድርገው ካልን ክብደቱ 1,880 ኪሎ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሦስት ወታደር ለመጫን እንኳ ያጠራጥራል። በዚህ ሻሲ ላይ ወይ ሰው ይበዛል፥ ወይ ብረት ይወፍራል፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም። ሚዛኑን ያጋደለው መሐንዲስ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከውስጥ የተቀመጠው ወታደር ነው። ይህን መኪና እንደ ቀልድ ከሚያወሩት ጋር የማልስማማው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር መሬቱ ነበር። ኃይል የሚያገኙት የኋላ እግሮቹ ብቻ በመሆናቸው፥ ከድንጋይ ንጣፉ ሲወርድ ጭቃ ይውጠዋል። በ1914 መጨረሻ የምሽግ ጕድጓድ ከስዊስ ድንበር እስከ ባሕር ሲዘረጋ፥ ብረት ለበስ መኪና የሚሄድበት መንገድ ታጣ።

ብረት ያልለበሱት ወንድሞቹ ግን ሥራ አልፈቱም። ከ900 የሚበልጡ የለንደን አውቶቡሶች ወታደር ሲያመላልሱ ቆዩ። የመጀመሪያዎቹ የከተማ ቀለማቸውንና የንግድ ማስታወቂያቸውን እንደ ለጠፉ ነበር የተሻገሩት፤ ኋላ መስኮታቸው በሳንቃ ተመታ።

በ1915 የመርከብ ሚኒስቴሩ ዊንስተን ቸርችል «የየብስ መርከብ» ኮሚቴ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት «ሊትል ዊሊ» የተባለው የመጀመሪያው የታንክ ናሙና ሊንከን ከተማ ተሠራ። ከዊልያም ትሪተን ጋር የነደፈው ዋልተር ዊልሰን ከባሕር ኃይሉ የብረት ለበስ መኪና ክፍል የመጣ መኮንን ነበር። ጎማው ቀርቶ በሰንሰለት ተተካ፤ ክብደቱም በሰፊ መሬት ላይ ተከፋፈለ።

ከጦርነቱ ከተመለሱት አውቶቡሶች አንዱ፥ ቁጥሩ ቢ 43 የሆነው፥ በ1920 ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ተሳፈሩበት። ዛሬ የንጉሠ ነገሥታዊው የጦርነት ሙዚየም ንብረት ነው።