ከመፈረምሽ በፊት ማን ያነብልሻል?

(በማኅበራችን የአባላት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «የደራስያን ማኅበር አባል መሆን ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። እውነቱን ልንገራችሁና ርእሱን የጠየቅሁት እኔው ነኝ። ከወር በፊት በዚህ መጽሔታችን ላይ የምትጽፍ አንዲት እህታችን ስልክ ደውላ «ደስ ይበልሽ፣ መጽሐፌን የሚያሳትምልኝ ሰው አገኘሁ፣ ሰኞ እፈርማለሁ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥሁ። ወረቀቱን ማን እንዳነበበላት ስጠይቃት «እሱ ራሱ አነበበልኝ» አለች። ሰኞ እንዳትፈርም ለመንኋት። እስካሁን አልፈረመችም፤ አሁንም እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። የምናገረው ለእሷም ለሁላችሁም ነው።

እኔ የሚያነብልኝ ሳላገኝ ፈርሜያለሁ። አያቴ ያወሩልኝን ተረቶች ለዓመታት በልጆቼ ደብተር ትርፍ ገጾች ላይ ስጽፍ ቆይቼ ነበር። አንድ መጽሐፍ ነጋዴ ሰምቶ ፈለገኝ። 6,000 ብር እሰጥሻለሁ አለኝ። ወሩ መስከረም ነበር፤ የሦስት ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር አልተገዛም። ካፌ ጋበዘኝ፣ ቡና አዘዘልኝ፣ ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣና «እህቴ፣ ይቺ ለወጉ ያህል ናት» አለኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ ነገር ግን የሰው ቡና እየጠጡ የሰውን ወረቀት መመርመር ሰውየውን መጠርጠር መስሎ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምሁ። ወረቀቱ ላይ «ማንኛውንም መብት ለዘለቄታው» የሚል ነበረበት። አላየሁትም።

አራት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ቤት ቡና ልንጠጣ ስንሰበሰብ፣ ጎረቤቴ ከልጇ ቦርሳ አንድ መጽሐፍ አወጣችና «አንቺ ተረት ትወጃለሽ አይደል፣ ይህን አንብቢው፣ በጣም ጥሩ ነው» ብላ ሰጠችኝ። የእኔ ተረቶች ናቸው። ሦስተኛ እትም ይላል። ሽፋኑ ተቀይሯል፣ ስሜም ጠፍቷል። «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀበልኋት። ለእሷ እንኳ ለመናገር አፈርሁ።

ወደ ደራስያን ማኅበር የሄድሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ደራሲ ውሉን ተቀብለውኝ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም «ልጄ፣ ገንዘቡን ሸጠሽዋል፤ ስምሽን ግን አልሸጥሽም» አሉኝ። ሕጉን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ዓይነት መብት ያውቃል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ማባዛት፣ መሸጥ፣ ማስተርጎም የመሳሰለው። ይህ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ለልጅ ይወረሳል። ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ይቻላል፤ እኔ ከአንድ ስኒ ቡና ጋር ያስተላለፍሁት እሱን ነው። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ የሥራው ባለቤት ተብሎ በስም መታወቅ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ማኅበሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈልኝ። እኔ ስደውል ስልክ የማያነሳው ሰው ደብዳቤው በደረሰው በሳምንቱ ራሱ ደወለ። በሚቀጥለው እትም ስሜ ተመለሰ። ገንዘብ ግን አንድም ብር አልተመለሰልኝም፤ ማኅበር ገባሁና ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የፈረሙትን ወረቀት ማኅበር አይቀድደውም። የሚጠቅመው ሳይፈረም ነው።

ሁለተኛው መጽሐፌ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እኒያው እናት ከጎኔ ተቀምጠው ምን እንደምጠይቅ አጻፉኝ። ስንት ቅጂ ነው የሚታተመው? ለአንድ እትም ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም? ውሉ ስንት ዓመት ይቆያል? በሬዲዮ ቢነበብ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ቢተረጎም የማን ነው? ሽያጩ በየስንት ወሩ ይቆጠራል? እኔ ብቻዬን ብሆን ከእነዚህ አንዱንም አልጠይቅም ነበር። «ማኅበራችን የሚዋዋለው እንዲህ ነው» ስል ግን ስስታም አልመሰልሁም፤ አሳታሚውም አልተቀየመም። እድር ላይ እኮ ድንኳኑን ማንም አይለምንም፤ ደንቡ ነው ይባላል፣ ይሰጣል። እኔ ከማኅበር ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ይሉኝታዬን የሚሸከምልኝ ደንብ።

በራሷ ገንዘብ ለማሳተም የምታስብም አትቅርብን። እኛ አገር ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ሂሳብ ራሱ ነው የሚከፍለው። ከዚያ አከፋፋዩ ድርሻውን ይቆርጣል፣ መጽሐፍ ቤቱ በዱቤ ይወስዳል፣ ያልተሸጠው ሽፋኑ ተልጦ ይመለሳል። ማን በጊዜው ይከፍላል፣ ማን ያመላልሳል የሚለውን የትም ተጽፎ አታገኙትም። ከስብሰባ በኋላ ሻይ ላይ ግን ይነገራል። እኔ አንድ ሻይ ላይ የሰማሁት ወሬ የ300 መጽሐፍ ሂሳብ አድኖልኛል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩትና በኋላም በፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በአገሩ የደራስያን ማኅበር አልነበረም። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር የተመሠረተው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ «ብሌን» የተባለውን መጽሔትም ያወጣል። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነትና ስለ ማሳተም ውል ደንግጎ ነበር። ሕጉ ስንት ዘመን ተቀምጧል፤ እኔ ካፌ ውስጥ ስፈርም ግን የነገረኝ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1884 የተቋቋመ የደራስያን ማኅበር አለ፤ አባላቱ ውላቸውን ከመፈረማቸው በፊት ይልኩለታል፣ ባለሙያ አንብቦ አስተያየት ይሰጣቸዋል። ከ100 ዓመት በላይ በሠራበት አገር እንኳ ዛሬም የሚፈለግ ሥራ ነው ማለት ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። እኔ የገባሁበት ማኅበር ስብሰባውን የሚጠራው ከሥራ በኋላ፣ እራት በሚሠራበት ሰዓት ነበር። የሚናገሩት ወንዶች፣ ቃለ ጉባኤ የምንይዘው ሴቶች። ለመታወቂያው ብቻ የሚገባም አለ። ሰዓቱ ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዛወር ሦስት ሆነን ዓመት ሙሉ ጠየቅን፤ በመጨረሻ ተዛወረ፣ የሴቶቹም ቁጥር ጨመረ። ቃለ ጉባኤው አሁንም እኛው ጋ ነው።

ስለ ጽሑፉስ? ማኅበር ደራሲ አያደርግም። ግን አንድ ቅዳሜ አዲስ ታሪክ ሳነብ አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ «በታሪኩ ውስጥ እናትየዋ ሁልጊዜ ታበስላለች፤ ለምንድን ነው አንድም ቃል የማትናገረው?» አለችኝ። ተናደድሁ። ቤቴ ሄጄ ሳየው እውነቷን ነው። ቤተሰብ «ጎሽ» ነው የሚለው፤ እንዲህ ያለውን አይነግርም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከመካከላችን ደብተር የሞላ ጽሑፍ ያላቸውን ቆጥሬያለሁ፤ ሰባት ናችሁ። ደራስያን ማኅበር ለመግባት በአብዛኛው የታተመ ሥራና መዋጮ ይጠየቃል። በዚህ መጽሔት ላይ የወጡት ጽሑፎቻችሁ ለማመልከት መነሻ ይሆናሉ። ለመዋጮው ግን ከብድርና ቁጠባ ገንዘባችን ለመጀመሪያው ዓመት በብድር እንዲሰጥ ለሥራ አስፈጻሚው ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት ድምፅ ይሰጥበታል። ደጋፊዎቻችን ደግሞ «ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ኮምፒውተር አትግዙልን፤ በወር አንድ ግማሽ ቀን ውል የሚያነብልን የሕግ ባለሙያ ክፈሉልን።

አንቺም የሰኞዋ እህቴ፣ ወረቀቱን ይዘሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከገንዘብ ያዣችን ጠረጴዛ አጠገብ እጠብቅሻለሁ። ቡናውን እኔ አዝዛለሁ፣ ቀስ ብለን እናነበዋለን።