ማኅበሩና እንደራሴዎቹ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ታላላቅ መንግሥታት ፖለቲካ ለመናገር አይደለም። የአንዲት ከተማ አንድ የፓርቲ ማኅበር እንዴት እንደ ተወለደና እንደራሴዎቹን ከየት እንዳገኘ ለመተረክ ነው። ከተማይቱ በደቡብ ስዊድን የምትገኘው የወደብ ከተማ ማልሞ ናት። እኛም በኅብረታችን እንደራሴ እንመርጣለን፤ ዳሩ ግን ከተመረጠ በኋላ እንደራሴው የላኩት ሰዎች ነው ወይስ የተቀመጠበት ወንበር ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ማልሞን የመረጥነው ስለዚህ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኖቬምበር 6 ቀን 1881 አውጉስት ፓልም የተባለ ልብስ ሰፊ በማልሞ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ቆሞ ሶሻል ዴሞክራቶች ምን እንደሚፈልጉ ተናገረ። የስዊድን ሠራተኞች ንቅናቄ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህች ምሽት ነው። ፓልም በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣ፣ ከመርፌው በቀር ሀብት ያልነበረው ሰው ነው። ሐሳቡን ያገኘው በጀርመንና በዴንማርክ ሲሠራ ሲሆን ከጀርመን ያስባረረውም ይኸው ሐሳቡ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በማልሞ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ።

የዚያን ጊዜውን የምርጫ ሕግ ያላወቀ ሰው የቀረውን ታሪክ ሊረዳው አይችልም። በ1862 በወጣው ደንብ መሠረት በከተማ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የሚቈጠረው በሰው ሳይሆን በግብር ነበር። ባለጸጋው እስከ 100 ድምፅ ሊኖረው ሲችል ግብር የማይከፍለው የቀን ሠራተኛ አንድም አልነበረውም። ይባስ ብሎ ኩባንያዎች ራሳቸው ድምፅ ይሰጡ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ፋብሪካው ይመርጣል፣ በፋብሪካው ውስጥ የሚደክመው ሰው ግን አይመርጥም!

ድምፅ የሌለው ማኅበር ምን ሊሠራ ይችላል? የማልሞ ሰዎች የሰጡት መልስ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀናል። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አክሴል ዳኒየልሶን በ1887 ወደ ማልሞ መጥቶ «አርቤቴት»፣ ማለትም «ሥራ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። በዓመቱ በጋዜጣው ላይ ባወጣው ጽሑፍ ተከስሶ ወህኒ ቤት ገባና ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። ጋዜጣው ግን አልተዘጋም፤ ባለቤቱ ኤልማ ዳኒየልሶን የአዘጋጅነቱን ሥራ ይዛ አቆየችው። እርስዋው በዚያው በ1888 የማልሞን ሴት ሠራተኞች ሰብስባ ማኅበር አቋቋመች። ስለ ባልየው ብዙ ሲጻፍ ስለ እርስዋ ጥቂት መጻፉ ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል። ፓርቲው በአገር ደረጃ የተመሠረተው ከዚህ በኋላ በ1889 ነው፤ በ1897 የጸደቀውን የፓርቲውን ፕሮግራም በአመዛኙ ያረቀቀውም ይኸው ዳኒየልሶን ነው።

ለስብሰባ አዳራሽ የሚያከራያቸው ማግኘት ጭንቅ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ በ1891 አንድ የመናፈሻ ቦታ ይዘው «የሕዝብ መናፈሻ» አሉት፤ በ1893 ደግሞ «የሕዝብ ቤት» ሠሩ። ልብ በሉ፤ ጋዜጣው፣ መናፈሻውና ቤቱ ሁሉ የተገኙት በከተማው ምክር ቤት አብላጫ ወንበር ከማግኘታቸው ከ25 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በእድርና በዕቁብ ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ሣንቲም በሣንቲም የተሰበሰበ ገንዘብ ከገንዘብነቱ ይልቅ አዋዋጮቹን ማስተሳሰሩ ይበልጣል።

እንደራሴዎቹም የወጡት ከዚሁ ቤት ነው። በአገሪቱ ፓርላማ የመጀመሪያው ሶሻል ዴሞክራት በ1896 ከስቶክሆልም የተመረጠው ያልማር ብራንቲንግ ነበር፤ የገባውም በሊበራሎች ድጋፍ ነው። ከማልሞ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፓርላማ የገባው ኒልስ ፔርሶን የተባለ ግንበኛ፣ የግንበኞች ማኅበር መሪ ነበር። ከእርሱ በኋላ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ቬርነር ሪዴን ተከተለ፤ ሪዴን ከ1917 እስከ 1919 የትምህርትና የቤተ ክህነት ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል። በማልሞ አጠገብ በ1885 የተወለደው የግንበኛ ልጅ ፔር አልቢን ሐንሶን ደግሞ በ1903 በዚያችው ከተማ የወጣቶቹን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በ1932 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ትምህርት ቤት የቆየው አራት ዓመት ብቻ ነው። ይህን የምንናገረው ዲፕሎማችንን ለማናናቅ አይደለም፤ መምህሮቻችን አይቀየሙን።

አንድ ክፉ ምዕራፍ አለ፤ እርሱን መዝለል ግን ሐቀኝነት አይሆንም። በ1908 የወደቡ ሠራተኞች አድማ ሲያደርጉ አሠሪዎቹ ከእንግሊዝ አገር ምትክ ሠራተኞች አስመጥተው «አማልቴያ» በምትባል መርከብ ላይ አሳደሩአቸው። በጁላይ ወር አንድ ሌሊት በመርከቢቱ ላይ ቦምብ ፈንድቶ አንድ ሰው ሞተ፣ ከ20 በላይ ቆሰሉ። ቦምቡን ያኖረው አንቶን ኒልሶን የ20 ዓመት ልጅ፣ ማለት የእኛ እኩያ ነበር። ሞት ተፈረደበት፤ ኋላም ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ኒልሶን ከፓርቲው መንገድ የተለዩት ወጣት ሶሻሊስቶች ወገን እንጂ የማኅበሩ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም በከተማው ውስጥ ክፉ ስም ሲሰጥ ማን ይለያል? በፊርማቸው ይፈታ ያሉት ከ130,000 በላይ ሲሆኑ የተፈታው በ1917 ሊበራሎችና ሶሻል ዴሞክራቶች በአንድነት መንግሥት ሲመሠርቱ ነው። በ1909 የተደረገው ታላቁ አድማም በሠራተኞቹ ሽንፈት አለቀ፤ የሠራተኞች ማኅበራት ከአባሎቻቸው ግማሽ ያህሉን አጡ። ቤቱና ጋዜጣው ባይኖሩ ኖሮ ማኅበሩ ከዚያ ውድቀት ይነሣ ነበር ለማለት ያዳግተናል።

በ1918 መጨረሻ በግብር የሚመዘነው ድምፅ ተሻረ። በማግሥቱ፣ በ1919፣ በተደረገው የከተማ ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶች በማልሞ አሸነፉ፤ ከዚያም እስከ 1985 ድረስ፣ ለ66 ዓመት፣ ከተማይቱን አስተዳደሩ። በዚህ ዘመን የተሠራው ብዙ ነው፤ በ1946 የከተማው የቤት ሥራ ኩባንያ ተቋቋመ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው የኖሩ ሰዎች ደኅና ቤት አገኙ። ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ውስጥ ውስጡን አንድ ነገር እየተለወጠ ነበር። ማኅበሩ ለምክር ቤት ዕጩዎችን ያቀርባል፤ የሠራተኞች ማኅበራትም አባሎቻቸውን በጅምላ የፓርቲ አባል ያደርጉ ነበር። አንድ ሠራተኛ እምቢ ካላለ በቀር ሳይጠየቅ ይቈጠራል። መዝገቡ ወፍራም፣ ስብሰባው ግን ቀጭን የመሆኑ ምክንያት ከፊሉ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ይህ የጅምላ አባልነት የቀረው በ1990 መጨረሻ ነው። ፓልምን ለመስማት የመጣው ሰው ግን በገዛ እግሩ ነበር የመጣው።

በ1985 ሶሻል ዴሞክራቶች በማልሞ ተሸነፉ፤ ሚዛኑን ከያዙት ውስጥ የውጭ አገር ሰዎችን መምጣት የሚቃወም አንድ የአካባቢ ፓርቲ ይገኝበታል። በ1986 ደግሞ የታላቁ የኮኩምስ የንግድ መርከብ ሥራ እንዲቆም ተወሰነ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ተመለሱ፣ እንደ ገና ወደቁ፤ በ1994 በኢስቶንያ የተወለደውና በስደት ወደ ስዊድን የመጣው ኢልማር ሬፓሉ የከተማው አስተዳደር መሪ ሆኖ እስከ 2013 ቆየ። የተካችውም ከዚያው ፓርቲ የወጣች ሴት ናት።

ስለ ጋዜጣው ሳንናገር ቀረን። ከወህኒ ቤት የተረፈው፣ አድማውንና የ66 ዓመቱን አስተዳደር ያለፈው «አርቤቴት» በ2000 በገንዘብ እጦት ተዘጋ። በዚያ ዓመት ፓርቲው በከተማው ሥልጣን ላይ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ከእናንተ ጋር መከራከር ስለምንፈልግ ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ እናቆማለን።