በዩኒየን የጭነት መኪና ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ስለመግጠም
በምስረታ በዓሉ ላይ ለአባላትና ለወረዳ አመራሮች የቀረበ ንግግር





እንደሚታወቀው የአንድ ዩኒየን ሥራ ግማሹ መንገድ ላይ ነው። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ከመጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ይወርዳል፤ ቡናው፣ ሰሊጡና ስንዴው ደግሞ ወደ ገበያ ይወጣል። በሰኔ ጭቃ የተያዘ መኪና የት እንዳለ ሳይታወቅ ሁለት ቀን ቢቆም የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም። ዘር የሚጠብቀው ገበሬም የመሬቱ እርጥበት ያልፍበታል። የእጅ ስልክ በብዙ ቦታ ይህን ችግር አቃልሏል። ሆኖም ኔትወርክ የማይደርስባቸው ቆላዎችና ሸለቆዎች ዛሬም አሉ፤ ኔትወርክ ባለበትም መብራት ሲቋረጥ የስልክ ማማው አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በተሽከርካሪ ላይ ሬዲዮ የመግጠም ጉዳይ አሁንም የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሩ ግን ግዢ ሲታሰብ ስለ ሬዲዮው ብዙ ይነገራል፤ ኤሌክትሪኩን ስለሚያመጣው ሽቦና ድምፁን ስለሚያወጣው አንቴና ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ገንዘብ የሚባክነውም፣ መኪና የሚቃጠለውም በዚህ በኩል ነው።

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት መሣሪያ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሚያዳምጥ ብቻ ሲሆን ስካነር ይባላል። ብዙ ሞገዶችን በተራ እየፈተሸ ንግግር ያገኘበት ላይ ይቆማል። በአሜሪካ ገጠር ስካነር በመኪናቸው ያስገጠሙ ገበሬዎች አሉ፤ የእሳት አደጋ ጥሪና ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉ ሰባት ሞገዶች ሌትና ቀን የሚተላለፈውን የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ይሰሙበታል። እዚያም ቢሆን እንደ ኒውዮርክ ባለው ግዛት የፖሊስ ሞገድ የሚይዝ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መኪና ላይ መግጠም ያስቀጣል። ሁለተኛው ዓይነት የሚያዳምጥም የሚናገርም ነው። ለዩኒየን የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ ስካነር የሌላውን ንግግር ያሰማል እንጂ ጭቃ የያዘው መኪና የት እንዳለ አይናገርም።

በኢትዮጵያ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድና ቁጥጥር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥልጣን ነው። የሰውን ንግግር መጥለፍ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማይደፈር ያደረገውን መብት ይነካል። በመሆኑም ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ግዢ፣ በመጨረሻ መግጠም ነው። «ለማኅበር ሥራ ነውና ይተባበሩ» የሚል የወረዳ ደብዳቤ የሞገድ ፈቃድን አይተካም፤ ይህ በተለይ ለሥራ ኃላፊዎች ግልጽ ሊሆን ይገባል።

ወደ መኪናው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ቮልት ነው። ፒክአፖች በአብዛኛው 12 ቮልት ናቸው፤ የጭነት መኪኖች ግን አብዛኞቹ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለውባቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ለመኪና የሚሠራው ሬዲዮ በብዛት ባለ 12 ቮልት ነው። እዚህ ላይ በየጋራዡ የሚታይ አቋራጭ አለ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ ሽቦ ይሳብና ሬዲዮው በ12 ቮልት ይነሳል። ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሬዲዮውም ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ባትሪ እንደ ጥማድ በሬ ነው። አንደኛው ብቻ ሲሠራ ይደክማል፤ ዲናሞው ሁለቱንም እኩል መስሎት ሲሞላ የደከመው ሳይሞላ ይቀራል፣ ያልደከመው ከመጠን በላይ ይሞላል። ውሎ አድሮ ሁለቱም ይበላሻሉ። ትክክለኛው መንገድ 24 ቮልትን ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ በመካከል ማስገባት ነው። መሣሪያው ዋጋ አለው፤ ሆኖም ከሁለት የጭነት መኪና ባትሪ አይበልጥም።

ቀጥሎ ሽቦው ነው። በ25 ዋት የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ሲናገሩበት ከ5 እስከ 6 አምፔር ይስባል፤ 50 ዋት የሆነው ደግሞ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ። ይህ ኃይል ከሲጋራ መለኮሻው ወይም ከሙዚቃ ማጫወቻው ቀጭን ሽቦ ላይ ተቀጥሎ ሲወሰድ ሽቦው ይሞቃል፣ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሬዲዮውም ሲያዳምጥ ደህና ሆኖ ሊናገሩበት ሲሉ ይጠፋል። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው፣ 24 ቮልት ከሆነም በመቀነሻው በኩል፣ መምጣት አለበት። ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው ጥግ፣ ቢበዛ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ይቀመጥ። ብዙዎች ፊውዙን ካቢናው ውስጥ ሬዲዮው አጠገብ ያደርጉታል። ይህ ሬዲዮውን ይጠብቅ ይሆናል፤ ከባትሪው እስከ ካቢናው ያለው ሽቦ ግን ጥበቃ የለውም። ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ በመንገዱ ንቅናቄ ልባሱ ተልጦ ሻንሲውን ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር ስለሌለ እሳት ይነሳል። በናስትሮ መጠቅለል ብቻ ለዚህ አይበቃም፤ ቀዳዳው የጎማ ቀለበት፣ ሽቦውም የፕላስቲክ ቱቦ ያስፈልገዋል።

በቀጥታ ከባትሪ መሳብ አንድ ጉዳት አለው። ቁልፉ ተነቅሎም ሬዲዮው ሳይጠፋ ሊያድር ይችላል። ግማሽ አምፔር ብቻ የሚስብ መሣሪያ በአራት ቀን የበዓል ዕረፍት 48 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል፤ ይህ የባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ነው። ከቁልፉ ጋር የሚከፍትና የሚዘጋ ሪሌይ ይህን ያስቀራል።

አንቴናን በተመለከተ ርዝመቱ በዘፈቀደ አይቆረጥም። 75 ለሞገዱ ሜጋኸርዝ ሲካፈል የአንቴናው ርዝመት በሜትር ይገኛል፤ ለ150 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሜትር፣ አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው። ቦታው የካቢናው ብረት ጣሪያ መካከል ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት የአንቴናው ሁለተኛ ግማሽ ሆኖ ያገለግላል። በጭነቱ ተከልሎ ከካቢናው ኋላ የተሰቀለ አንቴና ወደ ኋላ አይሰማም። ጣሪያ መብሳት የሚፈሩ ማግኔት ያለው ይመርጣሉ፤ ለሙከራ ጥሩ ነው፣ በኮረኮንች መንገድ ግን ይንሸራተታል፣ ከሥሩም አቧራ ገብቶ ቀለሙን ይፍቃል። ተበስቶ ዙሪያው በፀረ ዝገት ቀለም የተቀባና በደንብ የታሸገ ቀዳዳ ይሻላል። አንቴና ሳይታሰር «ልሞክረው» ብሎ መናገር ደግሞ አዲስ ሬዲዮ ሊያቃጥል ይችላል።

በዚህ የሞገድ ክልል የሚሠራ ሬዲዮ ተራራ አያልፍም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ የሚወርድ መኪና ከግርጌው ሆኖ ደጋ ላይ ካለ ቢሮ ጋር ለመነጋገር በከፍታ ቦታ የተተከለ አቀባይ ጣቢያ ይፈልጋል። አለበለዚያ የሚያዋጣው አጭር ሞገድ ነው፤ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ተመልሶ ስለሚወርድ ገደል አያግደውም። በእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚወዛወዘው ረጅም አንቴና የዚሁ ነው። መሣሪያው ግን ውድ ነው፤ ቀንና ማታም ሞገድ መቀያየር የሚችል የሠለጠነ ሰው ይሻል። ለሁሉም መኪና ይገዛ ማለት አይቻልም፤ ሩቅ ለሚሄዱት ለአንድ ሁለቱ ቢሆን ይበቃል።

ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ሞተሩ ተነስቶ መሞከር አለበት። ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ከተሰማ ከዲናሞው የመጣ ነውና መሬት የሚነካው ሽቦ ቀለሙ ተፍቆ ብረት ላይ በደንብ መታሰሩ ይታይ። የአንቴናው ብቃት በመለኪያ ተነብቦ ቁጥሩ ከ2 በታች፣ ቢቻል ከ1.5 በታች መሆኑ በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያም መኪናው እንደ ሥራ ቀን ተጭኖ፣ ሾፌሩና ረዳቱ ሆነው፣ በተለመደው መስመር እስከ መጨረሻው መሠረታዊ ማኅበር ይሂዱ፤ ድምፅ የጠፋበትን ቦታ ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ። ያ ደብተር ከመንጃ ፈቃዱና ከጭነት ሰነዱ ጋር ካቢናው ውስጥ ይቀመጣል።