ልጁ ሲታረም ቤቱም ይታረም



እኛ ወድ ኤል ሒለው ያለን ቤተሰቦች ልጅ ሲያስቸግረን «አዲስ አበባ ጠባይ ማረሚያ ይግባና ሰው ይሁን» እንላለን። ማረሚያው ግን ወላጅ የሰለቸውን ልጅ አይቀበልም፤ የሚቀበለው ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ጥፋተኞችን ፍርድ ቤት ሲልክ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ልጁ ለወላጅ ወይም ለዘመድ እንዲሰጥም ይፈቅዳል፤ ተረካቢው ግን ጠባዩን ሊጠብቅ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል።

ማረሚያ የገባም ቢሆን 18 ዓመት ሳያልፈው ይወጣል፤ የሚመለሰውም ወደ እኛው ቤት ነው። ጠብና ስድብ ከተቀበለው የተማረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንግዲያው ገብቶ ሳለ እንጠይቀው፤ መንገዱ ቢርቅ በዘመድ እናስጠይቀው። የቤታችንንም ጠብ ሳይመለስ በሽማግሌ እንጨርስ። ያንን ግዴታ ፍርድ ቤት ሳይጠይቀን ዛሬ በኢዮቤልዩአችን እንግባ።